ቁጭ ብለን እንጫወት

የእህቴን ልጅ ቤት ውስጥ «ቃሪያ» ነው የምንላት። ሰባት ዓመቷ ነው። ደሟ ውስጥ ካንሰር ከተገኘ ወዲህ የረገፈው ፀጉሯ እንጂ ምላሷ አይደለም። እናቷ ሥራ ስትውል ሆስፒታል የማስታምማት እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሐኪሙ ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ «ዛሬ ደህና ናት። ነገ አዲሱን መድኃኒት እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ አቅም አይኖራትም። ዛሬ እንደ ልቧ ትጫወት» አለኝ። ቃሪያ እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ጫማዋን አጥልቃለች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ የመጫወቻ ክፍል የሚከፈተው ያን ዕለት ነበር። በመስኮቱ አጮልቃ ያየችው ቀይ ኳስ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቷታል።

ክፍሉን ያሠራው «የሕፃናት ደስታ ኮሚቴ» ነው። ሰብሳቢዋ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ማይክ የማይፈልግ ሴትዮ ናቸው። አጀንዳ ያልተያዘለት ደስታ ደስታ አይመስላቸውም። ኳሱም አሻንጉሊቱም ባቡሩም ከነላስቲካቸው መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ የቁምሳጥኑም የክፍሉም ቁልፍ እሳቸው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። «እንዳይቆሽሹብን ነው» አሉኝ።

ከዚያ አጨበጨቡ። «በሉ ልጆች፣ እንጫወት።»

ልጆቹ ብድግ አሉ። ቃሪያ ቀድማ ቁምሳጥኑ ሥር ደረሰች።

«ወዴት ነው እሱ? ቁጭ በሉ እንጂ። ቁጭ ብለን ነው የምንጫወተው።»

ቁጭ አሉ። ሰብሳቢዋ ከተስፋ ጀመሩ፣ ወደ ጥንካሬ ተሻገሩ፣ ከዚያ በልጅነታቸው ጉንፋንን እንዴት ድል እንደነሱት ነገሩን። አንዱ ልጅ ያለ ማደንዘዣ ጭልጥ ብሎ ተኛ። ቃሪያ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ መቼ ነው የምንጫወተው?»

«እየተጫወትን አይደል እንዴ፣ እናትዬ?»

«ይሄማ ወሬ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰብሳቢዋ ገላመጡኝ። ወዲያው ሰዓታቸውን አይተው ደነገጡ። «ውይ፣ በጨዋታ ያዛችሁኝ እኮ። ስብሰባ አለኝ።» ሁላችንንም አስወጥተው ክፍሉን ቆልፈው ውልቅ አሉ። ቃሪያ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቀረች።

በማግስቱ መድኃኒቱ በክንዷ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ እሷ ከንፈሯ ነጥቶ ሳህን አቅፋ ተኝታለች። ሰብሳቢዋ ፎቶ አንሺ አስከትለው ከች አሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እህሳ፣ የኔ ተጫዋች፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? እስቲ አጫውቺኝ።»

ቃሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዛሬ አልችልም። ትናንት ነበር የምችለው» አለቻቸው።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሰብሳቢዋ አፋቸውን ከፈቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልወጣም። ከቃሪያ አፍ ግን ወጣ፤ ሳህኑን ስቶ ጫማቸው ላይ አረፈ።

ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን እየጠረግኩ፣ «ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«የኮሚቴው ንብረት እኮ ነው…»

«ቁልፉን፣ እትዬ።»

ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። አሁን ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ሌላ ደህና ቀን መቼ እንደሚመጣ ሐኪሙም አይምልልኝም። ከመጣ ግን ማንም በጨዋታ አይይዘንም።