ውሃ የሸፈነው ማሳ

«እናቴ፣ ማሳዎ የት ነው?»

ጥያቄው ይኸው ነበር። ሕፃን እንኳ ጣቱን ዘርግቶ የሚመልሰው ነው። አባንግ ግን በዚያ ነሐሴ፣ በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እያያት፣ መመለስ አቃታት።

አባንግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን፣ ልድያንና ታናሹን ኡጁሉን፣ ያሳደገችው ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ባለችው ማሳዋ ነው። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማሳዋን ይውጠዋል፤ ኅዳር ላይ ሲጎድል ጥቁር ጭቃውን ትቶላት ይሄዳል። እሷም ጭቃው ሳይደርቅ በቆሎዋን ትተክላለች። ከወንዙ ራቅ ባለው መሬት በዝናብ ያበቀለችው እህል ሲያልቅ የልጆቿን ነፍስ የሚያቆየው የወንዝ ዳሩ በቆሎ ነው። ማሳው አጥር የለውም፤ ቢታጠርም ጎርፍ ይወስደዋል። ድንበሩን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ በቃ።

በዚያ ዓመት መንግሥት ወንዝ ዳሩን ለትልቅ እርሻ ሊወስደው ነው የሚል ወሬ ተነዛ።  የአባንግ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ዘገየ የቀበሌው ካድሬም ነበርና፣ ከአዲስ አበባ ምሁራን መጥተው ስለ አካባቢ፣ ስለ መልክዓ ምድርና ስለ ውሃ አጠቃቀም ባህል ጉባኤ እንደሚቀመጡ አንድ ቀን ለተማሪዎቹ ነገራቸው። አባንግ እጇን አነሣች፤ አማርኛ የምታውቅ ተማሪ ከጎኗ ሆና አስተረጎመችላት።

«ምሁሮቹ ምን ያደርጋሉ፣ ጓድ ዘገየ?»

«ያጠናሉ። ካርታ ይሠራሉ። እርሻው የት እንደሚሆን የሚወሰነው በካርታው ነው።»

«ካርታው ላይ ያለ ሰው አይነሣም?»

ዘገየ ሳቀ። «ያለ ሰውማ እንዴት ይነሣል? ደግሞ ከተማሪዎቹ አንዲት እናት ተነሥታ እንድትናገር ተፈልጓል። ከሁሉ የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ትናገሪያለሽ።»

ከዚያ በኋላ አባንግ የምትናገረውን ስትቀዳም፣ ስትፈጭም፣ ስታጥብም ትደጋግመው ጀመር። ጎረቤቷ ኛዌች፣ ቀልድ የማያልቅባት የኑዌር ሴት፣ ወንዝ ዳር ልብስ እያጠበች ስትሰማት ቆየችና አላስቻላትም።

«ኧረ ወንዙም ሰለቸው! አሁን አንድ ዓሣ ብቅ ብሎ ‹እኔ አባንግ እባላለሁ› ሲል ሰማሁት።»

«ሳቂ አንቺ። ያንቺም ማሳ እዚያው ነው።»

«እንግዲያስ የኔንም አብረሽ ንገሪልኛ። እኔ ለእንግዶቹ ወጥ እንድሠራ ታዝዣለሁ። አንቺ ጆሯቸውን ያዥ፣ እኔ ሆዳቸውን።»

ጉባኤው የተጠራው ዩኒቨርሲቲው በሚዘጋበት በነሐሴ ነበር። በነሐሴ ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ምሁራኑ በከተማው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስበው ጽሑፍ አነበቡ፤ ሕዝቡ ከውሃ ጋር ስላለው ጥብቅ ትስስር ብዙ የሚያምር ነገር ተናገሩ። ግድግዳው ላይ ካርታ ተሰቅሏል። ወንዙ በሰማያዊ ቀለም ሰፍቶ ተሥሏል፤ ከሰማያዊው ውጭ ያለው ባዶ ነው።

የአባንግ ተራ ሲደርስ አስተርጓሚው ወባ ጥሎት ቀርቷል ተባለ። «የግብርና መሥሪያ ቤቱ ልጅ ይምጣ» አሉ። ከኋላ ተነሥቶ የመጣው ኦቹዶ ነበር። 

ኦቹዶ የልድያ እጮኛ ነው። የጥሎሹ ዶቃ እኩሌታው ለአባንግ ቤት ገብቷል። በወገኖቿ ልማድ ደግሞ አማትና አማች ተከባብረው ይራራቃሉ፤ ፊት ለፊት ቆመው ቃል አይለዋወጡም። የግድ ሲሆን አማት ነገሯን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ትናገራለች፣ አማችም ከወዲያ ሆኖ ይሰማል። ይህን ሰው ፊት ያፈረሰች እናት ዶቃው ይመለስባታል፤ ልጇም መሳቂያ ትሆናለች።

አባንግ ያጠናችውን በአማርኛ አለች። «እኔ አባንግ እባላለሁ። የወንዝ ዳር ገበሬ ነኝ። ማሳዬ ልጆቼን ያበላል።»

ተጨበጨበላት። መድረኩ ላይ የነበሩት ሽበታም ዶክተር በትሕትና ጎንበስ ብለው ጠየቋት። «እናቴ፣ ማሳዎ የት ነው?»

በመስኮት ተመለከተች። ባሮ ደፍርሶ ይጋልባል። «እዚያ» ብላ ውሃውን አመለከተች።

«ዓሣ ነው እንዴ የሚታረሰው?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ዶክተሩ ሳቁን በእጃቸው አበረዱት። «በቋንቋዋ ትናገር። ወዲህ ቅረብ፣ አስተርጓሚ።»

አማርኛዋ እስከዚያው ነበር። ኛዌችን በዓይኗ ፈለገቻት፤ ኛዌች ውጭ ድስት ላይ ናት። ወደ ዘገየ ዞረችና በቋንቋዋ ተናገረች፤ ውሃው እንደሚጎድል፣ ጭቃው እንደሚቀር፣ በቆሎው ከዚያ እንደሚወጣ። ነገሩን ለዘገየ አለችው፣ ኦቹዶ እንዲሰማ።

«ጓድ አባንግ፣ እኔ ምን ይገባኛል?» አለ ዘገየ እያፈረ። «ወደ አስተርጓሚው ዙሪ እንጂ!»

አልዞረችም። ልድያ በር ላይ ቆማ ታያታለች።

«ምን አለች?» አሉ ዶክተሩ።

ኦቹዶ ሁሉንም ሰምቷል። የእናቱም ማሳ ከአባንግ ማሳ አጠገብ ነው። ነገር ግን ፊት ወንበር ላይ አለቃው፣ የእርሻውን ዕቅድ ያመጡት ሰው፣ እግራቸውን አነባብረው ያዩታል። ኦቹዶ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ «አፍራለች» አለ።

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» አሉ ዶክተሩ በፈገግታ። «ይህም ባህል ነው። ይቀመጡ እናቴ፣ እናመሰግናለን።»

እንደገና ተጨበጨበላት።

አባንግ ከአዳራሹ እንደወጣች ኛዌችን ወደ ኦቹዶ ላከቻት። ኛዌች ከነማማሰያዋ ሄዳ አፋጠጠችው። «ነገ እነግራቸዋለሁ በያት» ብሎ መለሳት። በማግስቱ ምሁራኑ አውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ።

ኅዳር ገባ፣ ባሮ ጎደለ። አባንግ ዘሯን ይዛ ስትወርድ ጭቃው ላይ ችካል ተተክሏል፤ ከላይ ትራክተር ቆሟል። ከችካሎቹ አጠገብ የቆመው ዘገየ ሊያያት አልፈለገም።

«ካርታው ላይ እዚህ ውሃ ነው፣ ጓድ አባንግ። ሰው አልተገኘበትም። እኔ ምን ላድርግ? ተናገሪ ብዬሽ ነበር።»

ኦቹዶን እርሻው በአስተርጓሚነት ወሰደው፤ ቆርቆሮ ቤትም ሰጠው። አባንግ ያን ቀን ዶቃውን አውጥታ በጨርቅ ቋጠረች።

«ይመለስለት» አለች።

«ለምን?» አለች ልድያ። «እሱ ምን አደረገ? ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ላንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

«እኔ መች ለመንኩሽ? ያንቺ ማሳ ቢሄድ የኔም ትዳር ይሂድ?»

አባንግ ቋጠሮውን ፈትታ ዶቃውን ወደ ቦታው መለሰችው። ልድያ በጥር ተዳረች፤ አባንግ ልማዱ እንደሚያዘው ከሙሽራው ርቃ ተቀመጠች።

የዝናቡ እህል አለቀ፤ ወንዝ ዳር የሚለቀም በቆሎ አልነበረም። ኛዌች ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ወረደች። አባንግም ኡጁሉን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ፑኝዶ ሄደች። ልድያ ከኦቹዶ ጋር ጋምቤላ ቀረች።