በሞቴ የማይባልበት ማዕድ

ወይዘሮ አስቻለች ቢቸና መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶቡሱ ገና ሞተሩን አላስነሣም፤ የሳቸው ልብ ግን ከቤት ጀምሮ ሲዘል ነው የመጣው። መጀመሪያ የመንገዱ ነገር አሳሰባቸው፤ «ሰላም ነው» ቢባልም የትናንት ሰላም ለዛሬ ዋስ አይሆንም። ቀጥሎ የልጅቱ ነጠላ ሳሳባቸው፤ ሞጣ ብርድ ነው። ኋላ ሁለቱንም ተዉና እንቅልፍ ወደ ነሣቸው ሐሳብ ተመለሱ። የትናየት ዛሬ በሰው ፊት ትበላለች ወይስ አትበላም?

«እማማ፣ ይልቀቁኝ፤ አልጠፋም» አለች የትናየት።

«ማን ያዘሽ? ነጠላሽን እኮ ነው የያዝኩት።»

«ነጠላው ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ።»

የትናየት የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ ባሕር ዳር ሥራ ላይ ስለሆነች ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆናለች። ወደ ሞጣ የሚሄዱት ለሲስተር ሃና የምስጋና ቀን ስለተዘጋጀ ነው። የጥምቀት ሰሞን እሑድ በመሆኑ ጾም የለም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠበቃል፤ ምሳ አለ። ወይዘሮ አስቻለችን ያስጨነቃቸው ይኸው ምሳ ነው። ልጅቱ በቤቷ መብላት ከጀመረች ወራት አልፈዋል፤ በሰው ማዕድ ላይ ግን ከታመመች ወዲህ ተቀምጣ አታውቅም። ዛሬ «እችላለሁ» ብላ የተነሣችው ራሷ ናት።

በሽታው የገባው በጾም በር ነበር። ታቻምና ፍልሰታን ጾመች፤ ፍልሰታን ደግሞ ሕፃኑም ይጾማል። ፍልሰታ ሲፈታ እሷ አልፈታችም። ጳጉሜን ጾመች፣ ጽጌን ጾመች፣ ነቢያትን ጾመች፤ በመሐል የቀረውንም ቀን «የራሴ ነው» እያለች ጾመች። ጎረቤት «እመት አስቻለች፣ ከቤትዎ እኮ መናኝ ወጣልዎ!» ሲላቸው ወይዘሮ አስቻለች «እሱ ያውቃል» እያሉ አንገታቸውን ደፋ ያደርጉና በሆዳቸው ደስ ይላቸው ነበር። ስትከሳ፣ ጾሙ ነው አሉ። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ ሲያልቅ፣ ዐይነ ጥላ ነው ተባለ። ክፍል ውስጥ ወድቃ በሰው ትከሻ ስትመጣ ጠበል ወሰዷት፤ ጠበሉም የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። በዚያ አገር የማይጾምን ሁሉም ይቆጣዋል፤ የሚጾምን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የጠየቀች ሲስተር ሃና ናት። ከሆሳዕና ተመድባ ሞጣ የመጣች ነርስ ስትሆን፣ ዕረፍቷን ሠውታ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ታስተምር ነበር። ተማሪው ፊት ቆማ «የአመጋገብ መታወክ የሚባል ሕመም አለ፤ ይገድላል፤ ይታከማል። እኔንም በናንተ ዕድሜ ይዞኝ ነበር» ትላለች። ገበያ ላይ ይሥቁባት ነበር፤ «እህል ያጣ ባለበት አገር እህል ጠልቶ መታመም! የጥጋብ በሽታ!» ይሏታል። እሷም «ጥጋብማ ቢሆን የታመሙት በበሉ ነበር» ብላ ታልፋለች።

ቢቸና መጥታ ስታስተምር በጠራራ ፀሐይ ሁለት ነጠላ ደርባ የምትንቀጠቀጥ ልጅ አየች። በማግሥቱ ከወይዘሮ አስቻለች ደጅ ቆመች። ወይዘሮ አስቻለች እንግዳ ነውና ምሳ አቀረቡ፤ የትናየት «ጾም ላይ ነኝ» አለች።

«እስከ መቼ?» አለች ሲስተር ሃና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጅቱ አቀረቀረች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወይዘሮ አስቻለች ግን ተቆጡ። «አንቺ ሃይማኖትሽ ሌላ ነው፤ የኛን ልጅ ከጾም ልታስወጪ ነው? ከጾም የሚፈቷት የነፍስ አባቷ ናቸው እንጂ ነርስ አይደለችም!»

«እውነትዎን ነው፤ እንግዲያው እሳቸው ዘንድ እንሂድ» አለች ሲስተር ሃና።

ሄዱ። ሲስተር ሃና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። አባ ሣህለ ማርያም ልጅቱን ለብቻዋ ብዙ ሰሟት፤ ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ጾም ፍቺ አለው። ፍቺ የሌለው ጾም አይደለም፣ ደዌ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቀኖናሽ መብላት ነው፤ ሲስተር ባለችሽ ሰዓት፣ ሲስተር ያለችሽን» አሉ። ያን ዕለት ሕክምናው ተጀመረ። ተኝታም ታከመች፣ ተመላልሳም ታከመች፤ ተሻላት ሲባል ተመልሶ እየጣላት፣ እንደገና እየተነሣች እዚህ ደረሰች።

ሲስተር ሃና አያትየውንም ሳታስተምር አልተወችም። ስትበላ እጅ እጇን እንዳያዩ፣ ስለ ገላዋ ክፉም ደግም እንዳይናገሩ፣ ከሁሉ በላይ «በሞቴ» እንዳይሉ። ለወይዘሮ አስቻለች ይህን የመጨረሻውን መቻል ምላስ የመንቀል ያህል ሆነባቸው። «በሞቴ ሳይባል የበላ እንግዳ እኮ እንዳልተጋበዘ ነው!» ብለው ተከራከሩ። ሲስተርም «እርስዎ በሞቱ ቁጥር ልጅቱ ገዳይ ትሆናለች» አለቻቸው።

እንግዲህ ሞጣ ደረሱ። አባ ሣህለ ማርያምም በዚያው አውቶቡስ ከፊት ተቀምጠው መጥተዋል። አዳራሹ በመምህራን፣ በጤና ሠራተኞችና ልጆቻቸውን ባሳከሙ ወላጆች ተሞልቷል። የዝግጅቱ ኃላፊ መምህር ወንደሰን ማይክ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። በክብር ወንበር ለተቀመጠችው ሲስተር ሃና የሚሸለመው ጋቢ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «እንግዶቻችን ከሩቅ ስለመጡ በቅድሚያ ምሳ፣ ከዚያ የምስጋናው ፕሮግራም» ተባለ።

የትናየት እጇን ታጠበች፤ ከአልጫው ትንሽ አወጣችና ተቀመጠች። እንጀራውን ቆረሰች። ወይዘሮ አስቻለች ላለማየት ጣራውን ሲመለከቱ ጣራው ላይ ያለውን ሚስማር ሁሉ ለዩት።

ይሄኔ መስተንግዶውን የምትመራው ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ሞጣ የምትኖረው የአክስታቸው ልጅ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች።

«ውይ፣ የትናዬ! አንቺ ነሽ? ቁመሽ ልይሽ እስቲ! እንዴት ወፈርሽ በማርያም! እሰይ! ጉንጭሽ ሞላ፣ ሰው መሰልሽ! በሞቴ፣ ይችን ቅልጥም ብዪልኝ!»

ክፋት አልነበረባትም። በዚያ አገር «ወፈርሽ» ማለት «ተመስገን» ማለት ነው። የትናየት ግን የቆረሰችውን እንጀራ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«እጄን ልታጠብ» ብላ ተነሣች። ታጥባ ነበር።

ወይዘሮ አስቻለች ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ እጃቸው ያወቀውን አደረገ፤ ከአልጫው ጥሩ ጉርሻ ጠቀለሉና ተከትለዋት ወጡ። የትናየት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከውኃ ሮቶው ጥግ፣ ክንዷን በመዳፏ እየለካች ቆማለች። ይህን መለካት ያውቁታል፤ በዚያ በክፉው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ስትለካ ትውል ነበር።

«ወፍሬያለሁ፣ እማማ?»

አዎ ቢሉ ልጅቱን ማጣት ነው። የለም ቢሉም ነገ ደግሞ ትጠይቃለች። ጉርሻው በእጃቸው ላይ እየቀዘቀዘ ነው፤ «በሞ...» የምትለዋ ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሳለች። ግራ ገባቸውና ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት።

ልጅቱ አፍጥጣ አየቻቸው። «ለኔ ያመጡት መስሎኝ?»

«ላንቺ ነበር» አሉ አፋቸው እንደሞላ። «ማስገደድ አትችይም ተባልኩ፤ የእግዜርን እህል መጣል ደግሞ ግፍ ነው። ታዲያ የት ላድርሰው?»

የትናየት ሣቀች። ሣቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነባት። ወይዘሮ አስቻለች አንገቷን አቀፉ።

«ፈራሁ፣ እማማ። ዛሬ ከሸሸሁ ነገም እሸሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ተመልሼ ልቀመጥ እፈልጋለሁ። ግን እኔ ቀስ ብዬ ነው የምበላው። ሁሉም ጨርሶ ይታጠብና እኔን ማየት ይጀምራል። አባ ሊያሳርጉ ሲነሡም እኔ ገና ነኝ።»

እውነት ነው፤ የካህን ጸሎት ከተጀመረ ማዕዱ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የሚጎርስ ሰው የለም፤ ያነሣም ያስቀምጣል።

«ይኼ ብቻ ነው? ነይ ግቢ» አሉ ወይዘሮ አስቻለች።

ሲገቡ ሰዉ እየታጠበ ነበር። ፈንታነሽ ማስታጠቢያውን ይዛ ትዞራለች። መምህር ወንደሰን ማይኩን ነካ ነካ አድርጎ «ፕሮግራሙ ስለረፈደ፣ አባታችን ማዕዱን ያሳርጉልንና በቀጥታ ወደ ምስጋናው...» አለ። አባ ሣህለ ማርያም መስቀላቸውን አውጥተው ተነሡ።

«ይቆዩኝ፣ አባቴ!» አሉ ወይዘሮ አስቻለች።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። በዕድሜያቸው በጉባኤ ላይ ተናግረው አያውቁም፤ ከዕድር ስብሰባ እንኳ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። «ነገ ምን ይባላል፣ ይቺን ልጅ ማን ያገባታል» እያሉ በሽታውን እንደ ስለት ገንዘብ ደብቀው ይዘውት ኖረዋል። አሁን ግን ልጅቱ ከጎናቸው ቆማለች፤ ምግቧም እዚያው አለ።

«እኔ መናገር አልችልም» ብለው ጀመሩ። «ይቺን ሲስተር ልናከብር ነው የመጣነው፤ ጋቢም አምጥታችኋል፣ ቆንጆ ጋቢ ነው። ግን እሷ ያስተማረችን ምንድን ነው? ሰው ሲበላ እጅ እጁን አትዩ፣ ገላውን አትመዝኑ፣ በሞቴ እያላችሁ አታስጨንቁ አይደለም? እኛ ደግሞ በሷው ቀን፣ በሷው ማዕድ፣ ልጄን ከገበታ አባረርናት። ልጄ ታማ ነበር። አዎ፣ የኔ ልጅ ናት፤ ስሙት። ዛሬ ልትበላ መጥታለች፤ አልጨረሰችም። ይቺን ሴትዮ ማክበር ከፈለጋችሁ ማዕዱን አታንሡ።»

ፈንታነሽ ማስታጠቢያዋን እንደያዘች ደንግጣ ቀረች። «ምነው እታለም! እኔ እኮ መመረቄ ነው! ወፈርሽ ካላልኳት ምን ልበላት? ከሳሽ?»

«እንዴት ነሽ በያት! እንዴት ነሽ ምን አነሰሽ?»

ከወዲያም ከወዲህም ሣቅ ተነሣ። ፈንታነሽም ራሷ ሣቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ወደ የትናየት ጠጋ ብላ «እንዴት ነሽ፣ የኔ እናት?» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «አየሽ፣ ሞታለች ብለውኝ ነበር። እንዲህ ሆነሽ ሳይሽ አፌ አዳለጠኝ።»

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ ፈንታነሽ» አለች የትናየት። «አሁን እንዲህ ሲጠይቁኝ።»

ከክብር ወንበሩ ላይ ሲስተር ሃና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። እጇን ታጥባ ነበር። መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችና፣ ትሪውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ እንጀራ ቆረሰች። ከጎኗ ያለው የጤና ባለሙያ እሷን አይቶ ቆረሰ። ቀጥሎ አንዲት እናት። የታጠበው እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ትሪው ተመለሰ። መምህር ወንደሰን ሰዓቱን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ ማይኩን አጠፋና «እኔስ ቀድሞም አልጠገብኩም» ብሎ ተቀመጠ።

ወሬው ቀጠለ። አንዱ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፤ ሌላው ስለ ደብረ ወርቅ መንገድ ያማርራል፤ ፈንታነሽ ጀርባዋን ለየትናየት ሰጥታ ጮክ ብላ ስለ ልጇ ሠርግ ትተርካለች። የትናየት ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ለብዙ ጊዜ እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። ወይዘሮ አስቻለች አንገታቸውን ወደ መስኮት አዙረው በውስጣቸው ማርያምን ይማጠኑ ነበር። ከጎናቸው እጅ ሲንቀሳቀስ፣ እንጀራ ሲቆረስ ተሰማቸው፤ ዞረው አላዩም።

ትሪው እየጎደለ መጣ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ እጁን ሰበሰበ። አባ ሣህለ ማርያም ዳግመኛ ተነሡ፤ ግን እንደ ልማዳቸው ወደ ታላላቆቹ አላዩም። ከአዳራሹ ሁሉ መርጠው ወደ ልጅቱ ተመለከቱ።

«ላሳርግ፣ ልጄ?»

የትናየት ቀና አለች። ጉንጯ በጉርሻ ተወጥሯል፤ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና እስክትውጥ ድረስ አዳራሹ ሙሉ ጠበቃት።

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ አባ» አለች። «አልጨረስኩም።»

አባ ሣህለ ማርያም መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መለሱና ተቀመጡ።