በሁዳዴ የተለቀመ የእንቁላል ቅርፊት

የንጋት አፍ ሁልጊዜ ከእግሯ ይቀድማል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው ቢኖር ትናንት ተከራይቶ የገባ ብቻ ነው። የጎረቤቷ የቀለሟ ልጅ ሊሊሴ የታጨች ዕለትም፣ ሽማግሌ በሞላው ሳሎን መሀል ብድግ ብላ፣ «የሠርጉ ቲማቲም በእኔ ነው! ከገበያ አንዲት ፍሬ ብትገዙ ተቀያይመናል!» ያለችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። እልል ተባለ፤ ቃሉም በዚያው ጸና።

ደግሞ መብቷ ነው። አባቷ ከጎጃም መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ፤ እሷ ግን ለነቀምቴ ሰው ተድራ እዚህ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ባሏ ቶሎ ሞተባት፤ ልጅም አልወለደች። ቀለሟ ነርስ ስለሆነች፣ ተረኛ ስትሆን ሊሊሴን የምታዝላት፣ ገንፎ የምታጎርሳት፣ ስታለቅስ የምታባብላት ንጋት ነበረች። ልጅቷ «አዳዳ» እያለች፣ ማለትም አክስቴ እያለች፣ ሁለት ቤት አደገች።

ቀለሟ ጴንጤ ናት፤ ንጋት ኦርቶዶክስ። የሙሽራው ወገኖች ሠርጉ በየካቲት ይሁን ሲሉ ቀለሟ እጇን አጣጥፋ፣ «ንጋት ጾም ላይ ሆና፣ ሥጋ እያየች ሽሮ እየበላች ልጄን አልድርም» አለች። አለቀ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ ሆነ። ለአንዲት ጎረቤት ሲባል የሠርግ ቀን ሲዛወር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ንጋት ያን ቀን ቤቷ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች።

ስለዚህ ያ ቲማቲም እንዲሁ ቲማቲም አልነበረም።

ጓሮዋ አርባ እግር ተክላለች። አፈሩን ራሷ ነው የሠራችው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የላም እበት፣ የወደቀ ቅጠል፣ የጎመን ልጣጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ከሚፈለፈልበት ቤት በነጻ የምታስጭነውን የቡና ገለፈት ደራርባ። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አጥሯን አላለፈም። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ይለሰልሳል፣ በእጅ ሲታፈስ ደስ ይላል። «እንጀራ ቢኖረኝ በዚህ አፈር እበላ ነበር» እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያዋን የቀላች ፍሬ ልትቀጥፍ ጎንበስ አለች። ከላይ ሲያዩዋት ታምራለች። ስትገለብጣት ግን ቂጧ ጥቁር፣ የሰረጎደ፣ ቆዳ የመሰለ! ሌላዋን ገለበጠች፤ ያው። ሦስተኛዋም ያው። በስመ አብ!

ምን ታድርግ? የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ገለፈት። ርቧቸው ይሆናል ብላ ሦስት ጆንያ ጨመረችላቸው። በሳምንቱ ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ሆነ። ንጋት ከቲማቲሙ መሀል ቁጭ አለች። ሦስት መቶ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እሷ ደግሞ በእጇ ያላት አርባ እግር በሽታ ነው። ቀለሟ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አካም ጂርታ ንጋት፣ ቲማቲማችን እንዴት ነው?» ስትላት፣ «አንበሳ ነው!» ብላ መለሰች። ይኸው አፏ ደግሞ ቀደማት።

ለዚህ ነገር የደረሰላት ማን መሰላችሁ? ሙሽራው ራሱ! ሮቤራ በዲጋ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያ ነው። አንድ እሑድ አማቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ወጣ ሲል ንጋት ክንዱን ጎትታ ጓሮ አስገባችው። መጀመሪያ «ለቀለሟ እንዳትናገር!» ብላ አስማለችው፤ ከዚያ አንዷን ፍሬ ገልብጣ አሳየችው።

ሮቤራ ፍሬዋን አየ፣ ቅጠሉን አየ፣ አፈሩን አሸተተ። «ምን ያህል ገለፈት ጨመርሽ፣ አዳዳ?»

«ያገኘሁትን ሁሉ።»

ሳቀ። «ምግብ አልጎደላቸውም፤ በዝቶባቸዋል። ገለፈት ፖታሲየም ይበዛበታል፤ እሱ ሲበዛ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በሥሩ እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። የእኛ አፈር ደግሞ ድሮም አሲዳማ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ያንሱታል። ቂጡን ያጠቆረው የካልሲየም እጥረት ነው፤ ቅጠሉን ቢጫ ያደረገው የማግኒዚየም። ውሃስ እንዴት ነው የምታጠጪው?»

«ቧንቧው የመጣ ቀን እስኪጠግቡ፣ ካልመጣ ዝም።»

«እሱም አንዱ ጥፋት ነው። ካልሲየም የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃው ሲቋረጥ ፍሬው ጋ አይደርስም። በበርሜል አጠራቅሚና ትንሽ ትንሽ፣ ሳታቋርጪ አጠጪ። ሥሩንም ሣር አልብሽው።»

«ኖራ ልበትንበት?»

«ኖራ ለዚህ ሠርግ አይደርስም፤ እሱን ለክረምቱ እኔ አመጣልሻለሁ። አሁን ቶሎ የሚደርሰው የእንቁላል ቅርፊት ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ አቼቶ ውስጥ ይገባል፤ አረፋው ሲያበቃ በአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ስኒ እያደረግሽ ታጠጫለሽ። ለማግኒዚየሙ ፋርማሲ ሆድ ለማጠብ የሚሸጡት ነጭ ጨው አለ፤ ሁለት ማንኪያ በባልዲ በጥብጠሽ ቅጠሉ ላይ ርጪው። ሁለቱን ግን አንድ ላይ እንዳትቀላቅይ። የጠቆረው አይድንም፣ ቅጠፊና ጣይው። ከዛሬ የምትታየዋ ፍሬ ለሠርጉ ትደርሳለች።»

ንጋት ሁሉንም ሰማች፤ አንዱ ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ። «እንቁላል? በሁዳዴ?»

ጉድ ፈላ። እሷ ቤት እንኳን እንቁላል፣ እንቁላል የጠበሰ መጥበሻ እንኳ ታጥቦ ተሰቅሏል። ጴንጤ ጎረቤት ሞልቷል፤ ግን ለየትኛዋ ብትነግር ከምሳ በፊት ቀለሟ ጆሮ ይገባል። አስባ አስባ ባቻ ትዝ አላት፤ መነኻሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያለው፣ እንቁላል በዳቦ ለሹፌሩ ሁሉ የሚሸጠው። በማግስቱ ማልዳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሄደች።

«ቅርፊት?» አለ ባቻ። «ምን ሊያደርግልሽ?»

«ለዶሮ ነው።»

«ዶሮ አለሽ እንዴ?»

«ልገዛ ነው!»

ባቻ ትከሻውን ነቅንቆ አንድ ፌስታል ሰጣት። «በቀን ከዚህ አይበልጥም» አላት። በማግስቱ ግን ሁለት ፌስታል ጢም ብሎ ጠበቃት፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ንጋት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብላ ተቀበለች። የፋርማሲዋ ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ነጭ ጨው ስትጠይቃት ከላይ እስከ ታች እያየቻት፣ «እናቴ፣ ስንት ሰው ነው ሆዱ የደረቀው?» አለቻት። «አርባ» አለች ንጋት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የጾም በርበሬ የሚወቀጥበትን ሙቀጫ እንዴት በእንቁላል ታቆሽሸው? ቅርፊቱን ጓሮ በድንጋይ ትደቁሳለች፣ እጇን ሦስት ጊዜ ትታጠባለች። አቼቶው ውስጥ ስትጨምረው ሽሽሽ ብሎ አረፋ ሲያወጣ ግን እንደ ልጅ ደስ ይላታል። ጎንበስ ብላ ታዳምጠዋለች። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስት አለፈ። አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው ወጡ። አዲሶቹ ፍሬዎች የጣት ጫፍ አከሉ፣ እንቁላል አከሉ። ንጋት ጠዋት ጠዋት እየገለበጠች ታያለች፤ ቂጣቸው ንጹሕ ነው። ሆኖም ገና ናቸው፤ ቅርፊቱ አንድ ሳምንት ቢቋረጥ ሊጠቁሩ ይችላሉ ብሏታል ሮቤራ።

በሁዳዴ ስድስተኛ ሳምንት ቅዳሜ የንስሐ አባቷ አባ ኃይለማርያም ጠበል ሊረጩላት መጡ። ክፋቱ ያን ሰዓት ቀለሟም ስለ ድንኳኑ ልታማክራት መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። አባ ሳሎኑን ረጩ፣ ጓዳውን ረጩ፣ ከዚያ «እስቲ ደግሞ ያን የሚወራለትን ቲማቲምሽን» ብለው ወደ ጓሮ አመሩ።

«አባቴ፣ ጭቃ ነው!» አለች ንጋት።

«የገበሬ ልጅ ነኝ» ብለው ወጡ። ቀለሟም ተከተለች።

ፀሐይ ላይ ሁለት ሰፌድ ሙሉ የእንቁላል ቅርፊት ተሰጥቷል። ነጩም ቡናማውም ያብረቀርቃል።

አባ ቆሙ። ቅርፊቱን አዩ፣ ንጋትን አዩ። «ንጋት… ይህ ምንድነው?»

«ቅርፊት ነው አባቴ።»

«የምን?»

«የ… የእንቁላል።»

«ብቻሽን አይደለሽም ወይ የምትኖሪው?»

ንጋት አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር ቀለሟ ከጀርባዋ ቆማለች፤ የልጇ ሠርግ ሊበላሽ እንደነበረ፣ ገና ሊበላሽም እንደሚችል ትሰማለች። ባትናገር ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቀን ያልፈታችው ጾሟ፣ ስሟ፣ ሁሉም እዚህ ሰፌድ ላይ ሊቀር ነው። እንባዋ መጣ። አፏን መልሳ ዘጋች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የእኔ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

ቀለሟ ናት። ወደ ፊት መጥታ ከንጋት ጎን ቆመች። «እኔ ነኝ አባ። እዚህ እየመጣሁ እበላለሁ። ቤቴ ሰው ይበዛል፣ እዚህ ጸጥ ይላል።»

አባ ሰፌዱን በዓይናቸው ለኩት። «ይህን ሁሉ?»

«እንቁላል እወዳለሁ!» አለች ቀለሟ።

እንግዲህ ስሙ። ቀለሟ ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ የእንቁላል ሽታ ሲመጣ አፍንጫዋን ይዛ ከቤት የምትወጣ ሴት ናት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ደግሞም የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናት፤ ለቀልድ እንኳ ስትዋሽ የሰማት የለም። ንጋት በጎን አየቻት። ፊቷ ቀልቷል፣ ግን አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች። ንጋት ጾሟን ፈትታለች ብላ አምናለች እኮ! አምናም ነው ልትሸፍንላት የቆመችው።

ንጋት ከዚያ በላይ አልቻለችም። «ውሸቷን ነው አባቴ!» ብላ ጮኸች። «እሷ እንቁላል አትቀምስም፤ እኔም አልቀመስኩም! ለቲማቲሙ ነው! ቀለሟ፣ ቲማቲሙ ታሞብኝ ነበር፣ ቂጡ ጠቁሮብኝ ነበር፣ አንበሳ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው!» ብላ ከገለፈቱ እስከ ባቻ፣ ከአቼቶው እስከ ነጩ ጨው ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አቼቶው ያለበትንም ማሰሮ ክዳኑን ከፍታ አረፋውን አሳየች።

አባ ኃይለማርያም መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያማ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አርባ ዓመት ሳናዝዝ» አሉ፣ «ለቲማቲም ሲባል የተጠረጠረ አልገጠመኝም!»

ቀለሟ ግን አልሳቀችም። አንዷን እሸት ፍሬ ገልብጣ አየች፣ ቀስ ብላ መለሰቻት። «ማል ታቴ፣ ንጋት? ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «የራስሽን ልጅ ነው የምትድሪው። ከማን ነው የምትደብቂው?»

የራስሽን ልጅ። ንጋት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። አባም ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ ጠበል ረጩላቸው፤ ሲወጡ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህ አቼቶ ለጎመንም ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ እሑድ ቀለሟ በቤተ ክርስቲያኗ ማስታወቂያ ሲነገር ብድግ ብላ፣ እንቁላል የሚበላ ሁሉ ቅርፊቱን እንዳይጥል ለመነች። ሰኞ ጠዋት የንጋት በር በፌስታል ተሞላ። መዘምራኑ አመጡ፣ አስተማሪዎቹ አመጡ፣ ሞረዳ የሚባሉ ሽማግሌ «ኮሌስትሮሌ ቢጨምር በንጋት ነው» እያሉ በባርኔጣቸው ይዘው መጡ። ቀለሟም ሙቀጫዋን ተሸክማ መጥታ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ትወቅጥ ጀመር።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ ንጋት በሯን ስትከፍት ቀለሟ ቆማለች። ሃያ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ። «እንኳን አደረሰሽ! ብዪ!» አለቻት። «ቅርፊቱን ግን ትመልሺያለሽ።»

በሠርጉ ቀን ከጓሮው ዘጠኝ ሣጥን ቲማቲም ወጣ፤ ቀይ፣ ጠንካራ፣ ቂጡ ንጹሕ። ሊሊሴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ለምርቃት የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ ዞራ የንጋትን ጉልበት ሳመች። ቀና ስትል አጠገቧ ካለው ሣጥን አንድ ቲማቲም አነሳች፣ ገለበጠች፣ ቂጡን አየችው።

«ንጹሕ ነው፣ አዳዳ» አለች።

ንጋት ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ሮቤራ። ያስማልሽው ዕለት።»

«ከሃዲ!»

«ለእማዬ እንዳትናገር እንጂ ለእኔ እንዳትናገር ብለሽ አስምለሽዋል?» ሊሊሴ ሳቀች። «ለመሆኑ ባቻ ቤት ቅርፊቱ ለምን በአንድ ቀን እጥፍ እንደሆነ አልገረመሽም? ያን ማለዳ ተከናንበሽ እዚያ ስትገቢ አይቼሽ፣ አራት ሳምንት ሙሉ መሥሪያ ቤቴን በሙሉ ቁርስ እንቁላል ሳበላ ነበር። ቅርፊቱን ከሥራ በፊት እየሄድኩ ባቻ ጋ አስቀምጥልሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ እኔን ላለማስጨነቅ ስትደክሚ» አለች ሊሊሴ፣ «እኔ እንዴት አንቺን ላስጨንቅሽ?»

ንጋት ልጇን አገላብጣ ሳመቻት፤ በነጩ ቀሚስ ላይ የቲማቲም ውሃ እንዳይነካ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ሰፈሩ በሙሉ ቀና እስኪል ድረስ እልል አለች።