ሁለተኛው ፍሬን

በመንጃ ማሰልጠኛው ግቢ የሰልጣኞች ዝርዝር በየወሩ ይለጠፋል። ጋሼ ፍሬን ዝርዝሩን የሚያነበው የራሱን ሰልጣኞች ለማወቅ አይደለም፤ «ሬዲዮ» ለሚላት ሴት አሰልጣኝ ስንት ሰልጣኝ እንደደረሳት ለመቁጠር ነው። ያን ቀንም በጣቱ እየቆጠረ ወርዶ ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ደርቆ ቀረ። ዘጠነኛዋ የገዛ ልጁ ነበረች።

ደግሞ አነበበው። ስሟ የሷ ነው። የአባት ስም፣ እሱ ራሱ። የአያት ስም፣ አባቱ ናቸው። ስህተት ቢፈልግለት አጣለት።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን በዓይንህ አቃጠልከው እኮ» አለው የበሩ ጥበቃ።

«አንተ በርህን ጠብቅ!»

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ሰልጣኞቹ ናቸው። የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ከሚማረው ሰው እግር ሥር፣ ሁለተኛው አጠገቡ ከተቀመጠው አሰልጣኝ እግር ሥር። የጋሼ ፍሬን ቀኝ እግር ከሁለተኛው ፍሬን ላይ ወርዶ አያውቅም። ሰልጣኙ ገና ሳያስብ እሱ ረግጦ ያቆማል። በሃያ ሁለት ዓመት ድመት እንኳ እንዳልገጨ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

ሬዲዮ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ያውም በክፋት። መኪናዋ ውስጥ ዝምታ የሚባል ነገር የለም። ሰልጣኙ ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲናገር ታስገድደዋለች። «ከፊት ብስክሌት! በስተቀኝ የቆመ ታክሲ፣ በሩ ሊከፈት ይችላል! ሴትዮዋ ስልክ ላይ ናት፣ አላየችኝም!» እያሉ ሲያልፉ ግቢው በሳቅ ያውካካል። ሲፈተኑ ግን የሷዎቹ በመጀመሪያው ያልፋሉ። የሱዎቹ ግማሾቹ ይወድቃሉ፤ ፈታኝ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል እንጂ ማን ፍሬን ይረግጥላቸዋል? እሱ ግን «ዕድል ነው» ይላል። ይህን ሲል ጥርሱ ይስቃል፣ ሆዱ ይነድዳል።

ለምሳ ቤት ሲገባ ልጂቱ ዕቃ ታጥብ ነበር።

«ማነው እዚያች ሴትዮ ላይ የጻፈሽ?»

«እኔው ነኝ፣ አባዬ። ሥራ አስኪያጁን ለምኜ።»

«ለምነሽ! ምንጭ በጓሮሽ እያለ ጎረቤት ውኃ ትለምኛለሽ?»

ሳህኑን አስቀምጣ እጇን አደራረቀች። «ካንተ ጋ ከተማርኩ መንገዱን ሳይሆን ፊትህን ነው የማየው።»

«እውነቷን ነው!» አለች እናትየዋ ከጓዳ። «እኔንስ ልታስተምረኝ ሞክረህ አልነበር? እስካሁን መኪና ውስጥ ስገባ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል።»

እናትና ልጅ ተሳሳቁ። እሱ ሳይበላ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለጋሼ ፍሬን እሾህ ላይ የመቀመጥ ያህል ነበሩ። ልጂቱ እራት ላይ አፏ የሚከፈተው «እትዬ እንዲህ አለች» ለማለት ነው። አንድ ቀን ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ለልጁ ታላቅ እህት አልወለደላትም፤ ይህች «እትዬ» ከየት ተወለደች? ግቢ ውስጥም የራሱን ሰልጣኝ ትቶ በስፖኪዮ የሬዲዮን መኪና ይከተላል። ሁለቱ ሲሳሳቁ ያያል። ከሱ ጋር መኪና ውስጥ ማን ስቆ ያውቃል? አንድ ከሰዓት በኋላ «ምነው ያን ግንብ በገጨችውና ይህች ሴትዮ ባፈረች» ብሎ ተመኘ። መሪውን የያዘችው ማን እንደሆነች ትዝ ሲለው ምኞቱን እንደ መራራ ክኒን መልሶ ዋጠው። ቅናት ለካ የራስንም ልጅ አይለይም።

አርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። «ልጄን ከሰኞ ጀምሮ ወደ እኔ አዙርልኝ።»

«እሷ እሺ ካለች እኔ ምን ቸገረኝ?»

እሺ ማሰኘቱ ላይ ነው ነገሩ። ቅዳሜ ልጂቱን አባበላት። «ነገ በኛው መኪና አንድ ዙር እንዙር። ከወደድሽው ከሰኞ ጀምሮ ከኔ ጋር ነሽ።»

«ካልወደድኩትስ?»

«ትወጂዋለሽ።»

እሁድ ጠዋት የመለማመጃ ፈቃዷን ይዛ ከመሪው ኋላ ገባች። ወንበሯን አስጠጋች፣ ስፖኪዮዎቹን አስተካከለች፣ ቀበቶዋን አሰረች። አፏን ልትከፍት ስትል ቀደማት።

«ዛሬ ሬዲዮው ይዘጋ። ለሾፌር ዓይን እንጂ ምላስ አያስፈልገውም።»

ፈገግ ብላ ሞተሩን አስነሣች። መኪናው ከቤታቸው ግቢ እንደ ዘይት ተንሸራትቶ ወጣ። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተሩ አላጉረመረመም፣ ማርሽ ስትቀይር ዓይኗ ወደ እጇ አልወረደም። ያማረ አነዳድ ነበር፤ ይኸው ራሱ አንገበገበው። ልጅ የሱ፣ እጅ የሌላ ሰው።

ሰፊውን አስፋልት ጨርሰው የዕቃ መደብሮች ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ሲታጠፉ አላስችል አለው።

«ይቺ ሴትዮሽ መጀመሪያ እኛ ጋ ስትመጣ ታውቂያለሽ ወደ ኋላ እንኳ…»

«አባዬ።»

«ስሚኝ እንጂ! ወደ ኋላ ስትሄድ የጥበቃውን ወንበር…» ነገሩ እየገባት እንደሆነ ለማየት ፊቷን አተኩሮ ያያል። ትንሽ ብትስቅለት፣ በሬዲዮ ላይ አንዲት ጊዜ ብትስቅለት ይበቃው ነበር። ፊቷ ግን ወደ መንገዱ ነው። ከመደብሮቹ በር ላይ አንድ ጭነት መኪና ቆሞ ዕቃ ያራግፋል። እሱ ጭነት መኪናውን አላየውም።

ቀና ያለው ከጭነት መኪናው አፍንጫ ሥር አንድ ትልቅ ፍራሽ ብቅ ሲል ነው። ፍራሽ፣ ከሥሩ ሁለት እግር። የሃያ ሁለት ዓመት ልምድ ያለው ቀኝ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ተወረወረና በኃይል ረገጠ። ምንጣፉን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። የቤት መኪና ሁለተኛ ፍሬን የለውም።



መኪናው ግን ቆሟል። እሱ ሳይረግጥ በፊት እየቆመ ነበር፤ ከፍራሹ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ። ፍራሹን በራሱ ላይ እስከ ትከሻው የደፋው ሰው ከፊታቸው እያፏጨ ተሻገረና መደብሩ ውስጥ ገባ። መኪና መኖሩንም አላወቀ።

ልጂቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «ጫማውን አየሁት። በጭነት መኪናው ሥር፣ ወደኛ ሲራመድ።» ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። «አባዬ፣ ምንድነው የምትረግጠው?»

እግሩ እስካሁን ምንጣፉ ላይ ተተክሎ ነበር። ፊታቸው ተራ በተራ መጣበት፤ በሱ እግር ሲቆሙ ከርመው መንጃ ፈቃድ ተቀብለው የሄዱ ሰልጣኞቹ። አሁን አጠገባቸው ማን ተቀምጧል? የጭነት መኪና ሲያዩ ጫማ የሚፈልግ ዓይን ማን ሰጣቸው?

«ከሥር እዪ ያለሽ ማነው?» አለ፣ መልሱን እያወቀ።

«እትዬ ናት።»

ከአደጋ አፋፍ ተመልሶ እንኳ ቃሏ ወጋችው። አይ ሰው!

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። «ሂጂ» አላት። «ያየሽውን ጮክ ብለሽ እየነገርሽኝ ሂጂ።»

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ግቢው መሐል ጠራው። «እንዴት ነው፣ ልጅህን ላዙር?» ሬዲዮ መኪናዋን እየጠረገች ነበር፤ እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። ሌሎቹም አሰልጣኞች ጆሯቸውን አቆሙ።

«ተዋት፣ እዚያው ትማር» አለ። ቃሉ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው የወጣው። ወደ ሬዲዮ ተራመደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ያንን የጫማውን ነገር… ለኔዎቹም ማስተማር እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የምትጀምሪው?»

ሬዲዮ ልትስቅበት ትችል ነበር፤ አልሳቀችም። «አሁን ልንወጣ ነው፣ ይዩት። ከኋላ ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ከፊት ፍሬን አለ።»

ከኋላ ወንበር ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ልጂቱ ሞተሩን አስነሣች። «በስተግራ ብስክሌት፣ ሁለት ናቸው… ተማሪዎች፣ አንዷ ወደ ኋላ እያየች ነው… ቀስ እላለሁ።» ቀስ አለች፤ ተማሪዋም ሳታይ መንገዱ ውስጥ ገብታ ወጣች።

«ጎበዝ!» አለቻት ሬዲዮ።

ጋሼ ፍሬን ከንፈሩን መልሶ ገጠመ። ይህችን ቃል እሱ ሊላት ነበር፤ ሴትዮዋ ቀደመችው።