የማዕዶት ሰኞ ፈተና

ዝማሬ ከዘለለች መሬት የምትመለሰው ከሌላው ሰው ዘግይታ ነው። አምሳለ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ ካላት ፊዚዮቴራፒስት አፍ እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣ ይሳቅባታል። ግን ደጋግማ አይታለች። ሌሎቹ ወጥተው መውረድ ሲጀምሩ ዝማሬ ገና እዚያው ላይ ናት፤ ኳሷን በጣቶቿ ይዛ ከታች ያሉትን ታያለች፣ ትመርጣለች፣ ከዚያ ትወረውራለች። ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣና መጮኽ ይረሳል።

የዚያኑ ያህል ደግሞ ትጎዳለች። በአራት ዓመት ውስጥ የግራ ጉልበቷ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሶ አዲስ አበባ ድረስ እየሄደች በቀዶ ሕክምና ተሠርቶላታል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ሦስት ጊዜ ዞሯል። ትከሻዋም አንድ ጊዜ ከቦታው ወጥቷል። አንገረብ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ከአይከል ካመጣት ወዲህ ከተጫወተችው ያልተጫወተችው ጨዋታ ይበልጣል።

በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት የክለቡ ኮሚቴ የተሰበሰበው በእሷ ጉዳይ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለአንድ ዓመት ሊወስዳት ጠይቋል፤ እስከ ማክሰኞ መልስ ይጠብቃል። አሠልጣኙ ሰጠኝ በበኩሉ የሦስት ዓመት ውል ይሰጣት ብሎ ረቂቅ አዘጋጅቶ መጥቷል። ደመወዙ በክለቡ ታሪክ ተከፍሎ የማያውቅ ነው፤ ብትጎዳም ባትጎዳም ይከፈላል ይላል።

"ይህን ከፈረምን ሌላ አራት ጤነኛ ልጅ ማምጣት አንችልም፤" አለ ሊቀ መንበሩ ንብረት። የዱቄት ነጋዴ ነው፤ ወፍጮ አጠገብ እንዳደገ ሰው ሁልጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል። "አሮጌ ማኪና እኮ ነው የምታስገዙኝ! ሲነሣ ይበራል፤ እሺ። ግን መቼ ነው የሚነሣው?"

"ይበራል ብለሃል፤ ራስህ ነህ ያልከው፤" አለ ሰጠኝ።

"አንተ ዝም በል! አንተማ የሰው ልጅ የሚስቱን ፎቶ ኪሱ ውስጥ እንደሚይዘው የእሷን ራጅ ይዘህ ነው የምትዞረው።"

ሁሉም ሳቁ፤ ሰጠኝም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና "አዲስ አበባ ከሄደች አንድ ዓመት ያለ ዕረፍት ያጫውቷታል፤" አለ። "ስትሰበር ይጥሏታል። ከዚያ በኋላ ደግፎ የሚያነሣት የለም። ኳስ መጫወቷ በዚያው ያበቃል።"

ንብረት ወደ አምሳለ ዞረ። "ሲስተር፣ ሐኪሟ አንቺ ነሽ። ሰኞ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ትፈተን፤ ትሩጥ፣ ትዝለል፣ ትታጠፍ። አንቺ ቆመሽ እይ። ትበቃለች ብለሽ ከፈረምሽ እኔም እፈርማለሁ። አልፈርምም ካልሽ ደግሞ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት።"

ተስማሙ። ሰኞ ከየትኛው ዓርብ በኋላ የሚመጣ ሰኞ እንደሆነ ከመካከላቸው ልብ ያለ አልነበረም።

ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ አምሳለ የስቅለትን ዓርብ የምታሳልፈው አዘዞ ነው፤ ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጥር ሥር። ቦታዋን የሚያውቁት ሴቶች ይተዉላታል፤ ምንም አይጠይቋትም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ላይ ይነሣል። ከፊቱ ካርቶን ያነጠፈ አለ፤ ግንባሩ አፈር ለብሶ ላብ ያሰመረበት አለ። አምሳለ ቀና ባለች ቁጥር ከነጠላው ሁሉ በላይ አንድ ራስ ብቻውን ሲነሣ ታይ ጀመር። እንደዚያ ያለ ቁመት ያላት ሴት በጎንደር አንድ ብቻ ናት።

ዝማሬ ናት፤ ትሰግዳለች። በስምንት ወር ያዳነችው ጉልበት ሲሚንቶ ላይ እየወደቀ ይነሣል።

የስግደት ሕመም ከማግስቱ ጀምሮ እስከ ሰኞ ማክሰኞ ጭንን እንደሚይዝ ያልሰገደ ብቻ ነው የማያውቀው። ጭን ሲዝል ደግሞ ጉልበትን ደግፎ የሚይዝ ነገር የለም። በዛለ ጭን የዘለለ ሰው ሲያርፍ ሸክሙ ሁሉ ጅማቱ ላይ ይወድቃል። ሰኞ የሚሆነው ይህ ነው። አምሳለ ነጠላዋን አጣፍታ ልታስቆማት ተነሣች። በሰጋጆቹ መካከል ጥቂት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ቆመች።

በሙያ ዓይኗ ማየት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ዝማሬ ስትወርድ ሁለት እጆቿን ታስቀድማለች፤ ጉልበቶቿ መሬቱን የሚነኩት የተኛ ሕፃን እንደማስቀመጥ ባለ ቀስታ ነው። ስትነሣ ዳሌዋ መሐል ላይ ነው፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አያጋድልም። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ "ግራውንም እመኝው፣ ግራውንም እመኝው" ስትላት ከርማለች። በመስታወት ፊት አስቁማታለች፤ በሚዛን ላይ አስቁማታለች። ዝማሬ እሺ ትላለች፤ ሰውነቷ ግን እሺ አይልም ነበር። አንድ ጊዜ የከዳውን እግር ይሸሻል፤ ሥራውን ሁሉ ቀኙ ይሠራል። አሁን ማንም ሳያዛት፣ መስታወት በሌለበት ግቢ፣ በሁለቱም እኩል ትነሣለች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ። አምሳለ መቁጠሩን ተወችው። የቆመችበትን ረሳች። አንዲት አሮጊት የቀሚሷን ጫፍ ስበው "ልጄ፣ ወይ ስገጅ ወይ አሳልፊን" እስኪሏት ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ማምሻው ላይ አባ ገብረ ኪዳን በወይራ ቅጠል የምእመኑን ጀርባ እየነኩ ለየሰዉ የቀረውን የስግደት ቁጥር ሰጡ። ዝማሬ ተቀብላ ስትወጣ አምሳለ ጠብቃ ያዘቻት።

"ምነው ዝማሬ! ሰኞ ፈተና እያለብሽ?"

"እትዬ!" ልጅቷ ደነገጠች። "እዚህ ማንም አያየኝም ብዬ እኮ ነው አዘዞ የመጣሁት።"

"የታመመ ሰው አንገቱን ቢደፋ ይበቃዋል። ለአባ ነግረሻቸዋል?"

"አምና አልጋ ላይ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ። ካቻምናም በክራንች ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።" ዝማሬ ግንባሯን በነጠላዋ ጠረገች። "ዘንድሮ እንደ ሰው ቆሜያለሁ። ምን ብዬ ልቅር?"

"ውሉስ?"

"ቢሰጡኝ ሸጋ ነው። ከጎንደርም ባልወጣ፣ ከእርስዎም ባልርቅ ደስ ይለኛል።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ለአያ ንብረት ይነግሩብኛል?"

አምሳለ "ስንት ሰጡሽ?" ብላ ጠየቀች።

"እሱማ የእኔና የአባ ነው፤" አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ፤ የተሰጣትን ልትጨርስ ተመለሰች።

ሁለት ቀን አምሳለ ጾሙንም ፍስኩንም ሳታጣጥመው አለፈ። ብትናገር ንብረት "ለራሷ የማታስብ ልጅ ናት" ብሎ ውሉን ይቀደዋል። ዝም ብትል ደግሞ ያ ጉልበት በዓይኗ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ ይበጠሳል። ሌላ ምርጫ አልታያትም።

የማዕዶት ሰኞ፣ በፋሲካው ማግስት፣ በሦስት ሰዓት ሜዳው ላይ ተገኘች። መጀመሪያ የመጣችው የቡድኑ ፈጣን ተጫዋች መስከረም ነበረች፤ የተመልካቹን መቀመጫ ደረጃ የኋሊት እየረገጠች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ትወርዳለች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ሰጠኝ።

"ስቅለት ሆንኩ! ምን እሆናለሁ?"

ከኋላዋ የመጡት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። አንዷ ወደ ጎን ትራመዳለች፤ አንዷ ታችኛው ደረጃ ላይ አልደርስም ብላ ቁጭ አለች፤ ቁጭ ስትል ደግሞ ጮኸች። መጨረሻ ላይ ንብረት ራሱ እንደ እንጨት ደርቆ ብቅ አለ።

"ፈተናውን ሰኞ ያለው ማነው?" አለ ሰጠኝ እየሳቀ።

"አፍህን ዝጋ፤" አለ ንብረት። "ስልሳ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ጭኔ ግን የኔ አልመስል ብሎኛል።"

ዝማሬ መጣች። ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች፤ ግን ቀጥ ብላ። አምሳለ ወደ እሷ ሄደች፤ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከችና ሁለት መዳፎቿን ሁለቱ ጉልበቶች ላይ አኖረች። የተቆጣ ጉልበት ይሞቃል፤ ውኃም ይቋጥራል። ይህ ቀዝቃዛ ነበር። ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ንጹሕ ነው። ቀኙን ነካች፤ ግራውን ነካች፤ ዓይኗን ብትጨፍን የቱ የቱ እንደሆነ አትለይም ነበር።

"የትኛው እግርሽ ነው የሚያምሽ?"

"ሁለቱም፣ እትዬ። ጭኖቼ።"

"የቱ ይብሳል?"

ዝማሬ አሰበች። ቀኙን ጫን አለች፤ ግራውን ጫን አለች። ፊቷ ላይ ግርምት መጣ። "እኩል ናቸው፤" አለች። "እትዬ፣ እኩል እኮ ነው የሚያሙኝ!"

ለአራት ዓመት የሚደክመው ቀኙ ብቻ ነበር። አምሳለ መዳፎቿን አላነሣችም። ብዙ ሰውነት አይታለች፤ ሲድንም፣ ሳይድን ሲቀርም። ሳይድን የቀረው በሕይወቷ ላይ ምን እንዳደረገ አትናገርም። እንዲህ ተመልሶ ራሱን ያመነ ሰውነት ግን በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር።

ተነሥታ ወደ ኮሚቴው ዞረች። "ፈተና የለም፤" አለች። "ዛሬ በዚህ ጭን የሚዘል ሰው፣ ጤነኛውም ቢሆን ይጎዳል። እኔ ዓርብ ዕለት አዘዞ ፈትኛታለሁ፤ ስትሰግድ ውላለች።"

"ምን?" ንብረት ሕመሙን ረስቶ ዘወር አለ፤ ወዲያው ሕመሙ ራሱን አስታወሰው። "ወይኔ ወገቤ! በዚያ ጉልበት ሰግዳለች ነው የምትዪኝ?"

"ቀኑን ሙሉ። ከአንተም ከእኔም አብልጣ። ጉልበቷ አላበጠም፣ አልሞቀም።"

ንብረት ዝማሬን ከእግር እስከ ራስ አያት። ስንት ሰገድሽ ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። "ሦስት ዓመት ይቆያል?" አለ ወደ አምሳለ ዞሮ።

"አላውቅም።"

"ሐኪም አይደለሽም እንዴ?"

"ሐኪም ስለሆንኩ ነው የማላውቀው። ነገም ሊበጠስ ይችላል። የማውቀውን ልጽፍልህ እችላለሁ።"

አምሳለ የራሷ ጉልበት ላይ ወረቀት ዘርግታ አራት መስመር ጻፈች። ንብረት ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ግራ እግሯ ከቀኙ እኩል ይሠራል። ከባድ ሸክም ችሏል። እንደማይጎዳ ዋስትና መስጠት አልችልም። ክለቡ ብትጎዳም የሚያነሣት ከሆነ ትጫወት እላለሁ፤ የማያነሣት ከሆነ ግን ለማንም እንድትጫወት አልፈርምም።"

"ይሄ የሐኪም ወረቀት ነው?" አለ።

"ነው። ፊርማዬ ከታች አለ።"

ንብረት ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ሰጠኝን በእጁ ጠርቶ ክንዱን ያዘ፤ በእሱ ተደግፎ እያቃሰተ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ውሉን ከቦርሳው አወጣና በየገጹ ፈረመ። ሲጨርስ ለዝማሬ ዘረጋላት።

ልጅቷ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች። አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው።

"አያ ንብረት፣ ብሰበርም ነው?"

"ብትሰበሪም ነው፤" አለ ንብረት። ድምፁ ዝቅ ሲል የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝማሬ ብዕሩን ከመቀበሏ በፊት ሁለት እጆቿን በቱታዋ ጠረገች።