ሳሙና የሚበላው ውሃ

እማማ አገኘሁሽን ያንገበገባቸው ማንም ያልጠየቃቸው መሆኑ ነው። ከአሶሳ የመጣው የዓሣ ባለሙያ ገቢሳ የዓሣ ማኅበሩን ዘጠኝ ሴቶች ኩሬው ዳር ሰብስቦ ማንበብ የሚችል፣ ስሙን የሚጽፍ ማን እንደሆነ ጠየቀና ለሚችሉት ሥራ አካፈለ። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ «እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ» ብሎ አለፈ። በጋውን ሙሉ ይህ ኩሬ ሲቆፈር ጥላ ሥር ያረፈ ማን ነበር? በደርግ ጊዜ ከወሎ በጭነት መኪና አምጥተው እዚህ ሲያራግፏቸውስ፣ ጫካውን መንጥረው ጎጆ የቀለሱት ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው? መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጡት። መዋጥ ደግሞ አይወዱም።

ክልሉ አዲስ ነበር፤ ቢሮውም አዲስ፣ ገቢሳም አዲስ። ሁለት ሺህ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት በአየር በተነፋ ላስቲክ ተጭኖ መጥቶ ኩሬው ውስጥ ከተለቀቀ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አሁን ጫጩቶቹ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ነጠብጣብ አውጥተው ጎናቸውን ከድንጋይ ጋር ያካሉ። እነዚህ ካለቁ ሌላ እንደማይመጣ ቢሮው አስቀድሞ ተናግሯል።

ገቢሳ ከቦርሳው ሰማያዊ ዱቄት የያዘ ጣሳ አወጣ። የተማረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ አንድ ሐይቅ ዳር እንደሆነ፣ እዚያ ይህ መድኃኒት ስንት ኩሬ እንዳዳነ፣ ልኩም ደብተሩ ላይ እንዳለ አስረዳ። እማማ አገኘሁሽ ከጥላቸው ሆነው የዚያ ሐይቅ ውሃ እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቁት።

«ውሃ ያው ውሃ ነው እኮ፣ እማማ።»

እሳቸውም ይህን የሚል ሰው ልብሱን ራሱ አጥቦ እንደማያውቅ ነገሩት። ሴቶቹ ሳቁ።

በሰፈራ መንደሩ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ የእጅ ፓምፑ ነው፤ ከነጭ ድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቅርፊት የሚጋግር፣ ግማሽ ሳሙና ጨርሶ አረፋ የማይሰጥ። ሌላው ወንዙ ነው፤ ሳሙና ገና ሲነካው አረፋ በአረፋ ይሆናል። ኩሬው የሚሞላው ከወንዙ ነው። እማማ አገኘሁሽ ደግሞ እዚህ ከመጡ ጀምሮ የትምህርት ቤቱን መምህራን ልብስ አጥበው ነው የኖሩት።

«ለፓምፑ የሚበቃው ሳሙና በወንዙ ውሃ እጄን ይልጠኛል» አሉት። «ፓምፑ የሚበላውን ወንዙ አይበላም፤ ለቆዳዬ ይተወዋል። የአንተም ዱቄት ለእነዚህ ሚጢጢዎች ቆዳ እንዳይተርፍ።»

የሴቶቹ ሊቀመንበር ኢቲዳል፣ የበርታ ተወላጅ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ደገፈቻቸው። «ወላሂ፣ አገኘሁሽ እውነት ነው የሚለው። የፓምፕ ውሃ ሳቡን፣ ሳሙና ይበላል።»

ገቢሳ በትሕትና ፈገግ አለ፤ መድኃኒት ሳሙና እንዳልሆነ ተናግሮ ኩሬው ውስጥ ለመግባት ሱሪውን ሊሰበስብ ጣሳውን ጥላው ሥር አስቀመጠ። ቀና ሲል ጣሳው የለም። እማማ አገኘሁሽ ከቀሚሳቸው ሥር ሸጉጠው ተቀምጠውበታል።

«አረፍ ይበሉ አላልከኝም? ይኸው አረፍኩ።»

ወለጋ ውስጥ በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው፤ ከእናቱ እናት እኩያ ቀሚስ ሥር እጁን አይሰድም። ቆሞ ለመነ፣ ቁጭ ብሎ ለመነ። ኋላ አስቀድመህ በሁለቱም ውሃ በጥቂቱ ሞክር ሲሉት እሺ ብሎ ጣሳውን ተቀበለ። ሁለት የልብስ ሳፋ ቀረበ፤ አንዱ የፓምፕ፣ አንዱ የወንዝ ውሃ ተሞላ። አሥር አሥር ጫጩት ገባባቸው። ገቢሳ በደብተሩ ልክ ለሁለቱም እኩል ዱቄት በጠበጠ። ከዚያ በሳፋዎቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ምሳም ቢያቀርቡለት ከዚያ አልተነሣም።

ፀሐይ ዘወር ስትል በወንዙ ሳፋ ሰባቱ በጎናቸው ተንሳፈፉ። በፓምፑ ሳፋ አሥሩም ይዋኛሉ።

ገቢሳ የሞቱትን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣ። በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ በፓምፑ ውሃ የሟሟ ድንጋይ እንዳለ፣ የመድኃኒቱን ኃይል የሚሰብረው እሱ እንደሆነ፣ የወንዙ ውሃ ግን ያን ስለሌለው መርዙ ሁሉ በጫጩቷ መተንፈሻ ላይ እንደሚያርፍ ነገራቸው። «ተምሬው ነበር» አለ። «መጀመሪያ ውሃውን ለካ ተብዬ ነበር። ሁለት ሺሁንም ልገድላቸው ነበር፣ እማማ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ጣሳው ተከድኖ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። ጫጩቶቹን በየተራ እያወጡ በጨው ውሃ ማጠብ ያዙ፤ ሳፋው የእማማ አገኘሁሽ፣ ልኩ የገቢሳ። በሁለተኛው ሳምንት ነጠብጣቡ ጠፋ። የሞቱት ከመቶ አልበለጡም።

እማማ አገኘሁሽ በዕድሜያቸው ደብተር የያዘ ሰው ብዙ አይተዋል፤ የሰፈራ አስመዝጋቢ፣ ካድሬ፣ ቆጣሪ። ተሳስቼ ነበር ያላቸው ግን አልነበረም። ይህን ልጅ ለላከላቸው አምላክ ማታ ማታ ምስጋና ያደርሱ ጀመር፤ ለእሱ ግን አልነገሩትም።

የሚሰናበት ዕለት ገቢሳ አንድ ካርቶን ሳሙና ይዞ መጣ። እማማ አገኘሁሽ ካርቶኑን አሸተቱ፣ ዐይናቸው እርጥብ አለ፣ መልሰው ኮስተር አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። የወለድኩት ልጅ ቢያመጣልኝ ከዚህ በላይ ደስ አይለኝም። አሁን ደብተርህን አውጣ። የትም ቀበሌ ብትሄድ፣ ጣሳህን ከመክፈትህ በፊት ልብስ የምታጥበዋን ሴት ጥራና ውሃው ሳሙና ይበላል ወይ ብለህ ጠይቃት። ይህን ያለችው አገኘሁሽ ናት ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ።

«በል አሁን አንብብልኝ። ስሜ ላይ ስትደርስ ጮክ በል።»