በሳቅ መሀል የተጠራ ስም

ኩርፊያ ያሉት ፊቱ ስለማይፈታ ነው እንጂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያ ፊት ነው ያበላው። የጭውውት አጋሩ ጋሼ መድረክ ላይ ሲንከባለል፣ ሲለፈልፍ፣ እሱ እንደ ግንድ ተገትሮ ያየዋል፤ ሰዉ በሁለቱ መሀል በሳቅ ይሞታል። ከሰፈር ጭውውት አንስቶ ቴሌቪዥን ድረስ እጁን ይዞ ያደረሰው ጋሼ ነው፤ አባት ቢባል አይበዛበትም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ጠረጴዛ ቢሰበር፣ ቃል ቢጠፋ፣ ጭውውቱን ማቋረጥ የለም፤ አንዱን የምር የጨነቀው ዕለት ግን ሌላውን እናቱ ባወጣችለት ስም ይጥራው፣ ያኔ ሁሉ ነገር ይቆማል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልተጠራም።

የዚያን ዕለት ቀረጻ ላይ ኩርፊያ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ጋሼ ባለጉዳይ ነበሩ። ጋሼ ፎርም ሲሞላ እስክሪብቶው ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ በዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያኔ ጋሼ በተኮላተፈ አንደበት ኩርፊያን እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራው።

ኩርፊያ ሰማ። ምን ይደረግ፣ ሰማ! ግን እንዲያ ያለ ሳቅ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም፤ አንዲት ደቂቃ ምን ታመጣለች ብሎ ትንሽ ቆየበት። ባለጉዳይ ሹምን በስሙ አይጠራም፣ ወረፋህን ጠብቅ አለው። ሰዉ በሳቅ ወንበር ላይ አልቀረም። ሁለተኛ ሲጠራው ማኅተሙን ቀለም ነክሮ ግንባሩ ላይ አሳረፈበት። ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም።

ሐኪሙ፣ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ አለ። ያቺ «ኖሮ» የኩርፊያን እንቅልፍ በላችው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ጋሼ ግን ከዚያን ቀን የሚያስታውሰው የለም። ሚስቱ የሰማችው ኩርፊያ ተሸክሞት እስከ መኪናው መሮጡን ብቻ ነው፤ አንተ ባትኖር እያለች ታለቅስበታለች። እሱ በልቡ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል። በየቀኑ እውነቱን ሊናገር ይሄዳል፣ በየቀኑ ስለ አየሩ አውርቶ ይመለሳል።

ጋሼ የመጨረሻ ሥራውን ልይ ብሎ ድርቅ አለ። ኩርፊያ ቅጂው ጠፋ አለ፤ ተበላሸ አለ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ የጋሼ ልጅ ከቴሌቪዥን ጣቢያው አስገልብጣ አመጣችው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጠው አዩት። ጋሼ አልሳቀም፤ በሙያ ዓይን ነበር የሚያየው። ስሙ የተጠራበት ጋ ሲደርስ ልጁ መልሳ እንድታሳየው ግራ እጁን አነሳ። በሁለተኛው የኩርፊያን ፊት ብቻ አየ፤ ያ የማይፈታ ፊት ለአፍታ ደንገጥ አለ። ራሱ ያሠለጠነውን ፊት ከእሱ ማን ይደብቀዋል! ልጅቷን ከክፍሉ አስወጣት።

«ሰምተኸኛል» አለው።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

ኩርፊያ እግሩ ሥር ተደፋ። ይስደበኝ፣ ይርገመኝ፣ ይውጣለት ብሎ ጠበቀ። ጋሼ ቃላቱን አንድ በአንድ ከግማሽ አፉ አወጣቸው።

«ሳቁን ሰማሁት። እኔም ብሆን አላቆምም ነበር» አለ። «ከእንግዲህ አትምጣ።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።